ከሞኬቱ ስር የሚግለው

ውድ ጣውንቴ፣

«ውድ እህቴ» ብዬ ጀምሬ ነበር፤ ወረቀቱ ራሱ የሳቀብኝ መሰለኝና ቀደድኩት። «ክብርት ወይዘሮ» ብዬ ደግሞ ሞከርኩ፤ የፍርድ ቤት መጥሪያ መሰለ። ስለዚህ በምንተዋወቅበት ልጥራሽ። ሰውየው ከሞተም በኋላ ይህ ስም የሚሻር አልሆነም። ባል ይሞታል እንጂ ጣውንት አይሞትም።

«ማን ጻፈላት?» እንደምትይ አውቃለሁ። ማንም አልጻፈልኝም። ፊደል የቆጠርኩት ጸጉሬ ከሸበተ በኋላ ስለሆነ መስመሩ ቢንጋደድ አትሳቂብኝ። ለልጄ ነግሬ ማስጻፍ እችል ነበር። ግን ነገር በሰው እጅ ሲያልፍ ይለዝባል፤ እኔ ደግሞ እንዲለዝብልኝ አልፈልግም። ከነሻካራው ይድረስሽ።

ባጭሩ ነገሩ ይህ ነው፦ ሰውየው የሙዚቃ ሽቦ በዘረጋባቸው መኪኖች ውስጥ፣ አንቺ በሰፋሽው ሞኬት ስር፣ እሳት ተኝቷል። የባለታክሲው የሎሚ መኪና ብቻ መስሎን ነበር፤ አይደለም። ሌሎቹ ስንት እንደሆኑና የት እንዳሉ አላውቅም። ለይቶ የሚያውቃቸው ያንቺ ዓይን ብቻ ነው። ስለዚህ ተመለሺ ልልሽ ነው። ይህችን ቃል ከመጻፌ በፊት ብዕሩን አስቀምጬ ሱቁን ጠርጌያለሁ፣ ያልቆሸሸ ብርጭቆ አጥቤያለሁ፣ ከጎረቤታችን ከፍንጣሪ ጋር ያለምክንያት ተጨቃጭቄያለሁ። አሁን ጻፍኳት፤ ተገላገልኩ።

አንቺ ከመምጣትሽ በፊት የሆነውን አታውቂም፤ ከዚያ ልጀምርልሽ።

ሎሚ አንድ ጠዋት ሱቁን እንደከፈትኩ ያንን ቢጫ ታክሲውን በሩ ላይ ገተረውና ሳይወርድ በመስኮት ብቅ አለ።

«እትዬ፣ መኪናዬ ይሸታል።»

«መጀመሪያ አንተ ታጠብ እስቲ።»

«ቀልዱን ተይው በናትሽ! ተሳፋሪ አፍንጫውን ይዞ ወረደብኝ። የተቃጠለ ላስቲክ ነው የሚሸተው። የሙዚቃው ባስም ትንሽ እንደሄድኩ ይጠፋል፤ ቆሜ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሆኖ ይመጣል።»

የፊቱን ኮፈን ከፈትኩ። ባትሪው አጠገብ ያለው ዋናው ፊውዝ ቀዝቃዛ ነው፣ ምንም አልሆነም። የኋላውን ከፈትኩ። ሁለቱም አምፕሊፋየሮች ለብ ከማለት አላለፉም። ፍንጣሪ፣ ያ የማይመለከተው ነገር የሌለው ጎረቤታችን በያጁ፣ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መጥቶ ቆመ።

«ትልቅ ፊውዝ ክተችለትና ይገላገል» አለ።

«ፊውዙ መች ተቃጠለና?»

«ሳይቃጠል ቅደሚው ነዋ!»

ሎሚም «እውነቱን ነው እትዬ፣ ትልቁን ክተችልኝ» አለ። የሟችም ደንብ ይኸው እንደነበር ታውቂያለሽ። ፊውዝ ካስቸገረ ከፍ ያለውን ይከታል፣ ባለመኪናው እያመሰገነ ይሄዳል። ፊውዝ ግን መኪናው እንዳይነድ ብሎ ቀድሞ የሚሞት ነገር ነው፤ እሱ አልሞት ካለ ተራው የሽቦው ነው። ይህን ሰውየው ራሱ ለደንበኛ ሲያስረዳ ስንት ጊዜ ሰምቼዋለሁ። አስረድቶ ሲያበቃ ትልቁን ይከታል። ዕድል ነበረው።

እኔ አልከተትኩም። ነገር ግን ዋናውንም አላገኘሁትም። ባትሪውን አማሁ። አምፕሊፋየሩን አማሁ። በመጨረሻ ሎሚን ራሱን «ድምፁን ቀንስ» አልኩት።

«ድምፁን ከቀነስኩማ ምኑን ሎሚ ሆንኩ? ሰው እኮ የሚሳፈርልኝ ለሙዚቃው ነው!»

በማግስቱ ተመልሶ መጣ፤ ሽታውም አብሮት መጣ። ያን ጊዜ ነው መዳፌን ሞኬቱ ላይ ያሳረፍኩት። በስተግራ በኩል አንድ ቦታ እንደ ተኛ ድመት ጀርባ ይሞቃል። ከባትሪው የሚመጣውን ወፍራም ሽቦ ለሁለቱ አምፕሊፋየሮች የሚያከፋፍለው ሳጥን እዚያ ስር ነው። ሟች ሁልጊዜ እዚያ ይቀብረው ነበር፤ አንቺ ደግሞ ከላይ ታለብሺዋለሽ፣ ያምራል፣ ማንም አያየውም። ቢላዬን አነሳሁ።

አልዋሽሽም፣ ቢላውን ሳነሳ ደስ ብሎኝ ነበር።

ሎሚ እጄን ያዘኝ። «እትዬ! ይህን ስፌት የሚቀድ ሰው በቅድሚያ እኔን ይቅደደኝ!»

«ታዲያ ንደድ!»

«ሰፊዋን ጥሪልኛ! የሰፋችው ትፍታው።»

ፍንጣሪ ሳለ። ከዚያ ሰማዩን ማየት ጀመረ። የመንገዱ ሰው ሁሉ የኔንና ያንቺን ነገር ያውቃል። እኔም ያንን ጥቁር ሞኬት አየሁት፤ ባለ አራት ማዕዘኑን ቢጫ ስፌት፣ ጥግ ላይ ያስቀመጥሽለትን ትንሽ የሎሚ ቅጠል። ቢቀደድ ማን ይመልሰዋል? ልጄን ጠርቼ «ደውዪላት» አልኳት። «ለማን?» አለች። «ለዚያች» አልኩ። ገባት።

በአውቶቡስ መጣሽ። ከዚህ በኋላ ያለውን አንቺም ታውቂዋለሽ፤ የምነግርሽ በኔ በኩል እንዴት እንደታየኝ እንድታውቂው ነው።

«ደህና ነሽ?» አልኩሽ፣ ከአንገት በላይ።

«ደህና። መኪናው የታል?» አልሽኝ፣ አንቺም ከዚያው።

ሻንጣሽን ወንበር ላይ አስቀምጠሽ፣ ጉልበትሽ ስር ካርቶን አንጥፈሽ ተንበረከክሽ። ምላጭ አወጣሽና ክሩን አንድ በአንድ ትፈቺው ጀመር፤ የበሰለ ቁስል ፋሻ እንደሚፈታ ሰው፣ ጨርቁን ሳታስጮኺ። እኔ መብራት ያዝኩልሽ። ዕድሜዬን ሙሉ ለዚያ ሰውዬ መብራት ስይዝ ኖሬ አሁን ደግሞ ላንቺ! ሰውየው ምን አይቶባት ነው እያልኩ ስንት ዓመት ራሴን ስበላ ኖሬያለሁ፤ ያን ቀን ጣቶችሽን ሳይ ትንሽ ገባኝ። ሲገባኝ ደግሞ ይበልጥ ተናደድኩ። እንዲህ ነኝ፤ አንቺም ብትሆኚ መልአክ አይደለሽም።

ሞኬቱ ሲገለጥ ሽታው ፊታችን ላይ ወጣ። ብርጭቆ የመሰለው የሳጥኑ ክዳን ቡናማ ሆኗል፣ አንድ ጎኑ እንደ ሻማ ወርዷል። ውስጡ ያለው ፊውዝ ግን ሙሉ ነው፤ አልተበጠሰም፣ እግሩ ብቻ ጠቁሮ ሰማያዊ ሆኗል።

«አልተቃጠለም እኮ» አልሽ።

«እሱ ነው የገረመኝ» ብዬ ብሎኑን ነካሁት።

«ቀስ! እጅሽን!» ብለሽ እጄን ያዝሽው። ለመጀመሪያ ጊዜ መነካካታችን ነበር። ሁለታችንም ቶሎ ለቀቅን።

ሲቀዘቅዝ ብሎኑን ያለ ካቻቢቴ፣ በጥፍሬ አዞርኩት። ዞረ። ሽቦውን ሳብኩት፤ መጣልኝ። ያኔ ነው አንገቱን ያየነው። እንደ አውራ ጣት የሚወፍረው ሽቦ ሳጥኑ ቀዳዳ ላይ ሲደርስ አልገባ ብሎት ዳር ዳሩን በፒንሳ ቆርጦለታል። ውጪውን ለሚያየው ወፍራም ነው፤ ውስጡ የገባው ግን ጥቂት የመዳብ ክር ብቻ ነው፣ እሱም በላላ ብሎን ተይዞ። ኤሌክትሪኩ ሰፊ መንገድ ሲመጣ ቆይቶ እዚህ ሲደርስ በመርፌ ቀዳዳ እለፍ ይባላል። ሙዚቃው ሲጮህ ይጋፋል፣ ሲጋፋ ይግላል። ለፊውዙ ከልኩ ያላለፈ ስለሆነ አይበጠስም፤ እንዲሁ ቆሞ ይጠበሳል። ከላዩ ደግሞ ሞኬት ለብሷል፤ ነፋስ አያገኘውም፣ ብሎኑን አጥብቆ የሚመልስለት እጅም አያገኘውም።

«ቸኩሎ ነው» አልሽ ቀስ ብለሽ።

«አዎ ቸኩሎ ነው!» አልኩ። ያ ሁሉ ዓመት ሆዴ ውስጥ የከረመው በአንዴ ወጣ። «ሰዓቱ ሲደርስ ዕቃውን ወርውሮ ሲሮጥ አይቼዋለሁ። ወዳንቺ ሲቸኩል ነው! የሰው መኪና የሚያነደው ወዳንቺ ሲቸኩል ነው!»

ካርቶኑ ላይ እንደተንበረከክሽ ዞር ብለሽ አየሽኝ። «ወደኔ? እኔ ጋ እኮ የሚመጣው መብራት ከበራ በኋላ ነበር። መስኮት ላይ ቆሜ ስጠብቅ፣ አሁንም ካንቺ ጋር ነው፣ እሷ ይዛዋለች እያልኩ ስቃጠል ነበር።»

«እኔ ጋማ ጀርባውን ነበር የማየው!»

«ታዲያ የት ነበር?»

ፍንጣሪ ከበሩ ላይ፣ ማንም ሳይጠይቀው፣ «ምኑን ትጣላላችሁ?» አለ። «ጎሚስታው ጋ በቆርኪ ዳማ ነበር የሚጫወተው። የዘገየ ሰው ቦታ አያገኝም፣ ቆሞ ተመልካች ነው የሚሆነው። ለሱ ነው የሚሮጠው።»

ምላጩን ካርቶኑ ላይ አስቀመጥሽ።

«ያሸንፍ ነበር?» አልሽው።

«እሱ? ኧረ የጎማ ልጅ ይበላው ነበር! አንድ ቀን አሸንፎ አያውቅም።»

መጀመሪያ የሳቅሽው አንቺ ነሽ። እኔ እንደምንም ይዤው ነበር፤ ያንቺ ትከሻ ሲንቀጠቀጥ ሳይ ግን አልቻልኩም። መብራቱ ከእጄ ወደቀ። ሎሚ «ምን ሆኑ? ጋዝ ሸተታቸው እንዴ?» ይላል። ሁለት ባላ ትከል፣ አንዱ ቢነቀል በአንዱ ተንጠልጠል ይላል ያገሬ ሰው። የኛው ጉድ ሁለት ባላ ተክሎ ሦስተኛው ላይ ተንጠልጥሎ ኖረ! ለስንት ዓመት እኔ ባንቺ፣ አንቺ በኔ ስንበግን፣ ለካ ሁለታችንንም ያሸነፈን የጠርሙስ ቆርኪ ነው። ከሞተ ወዲህ እንደዚያ ቀን ሆዴ ቀሎኝ አያውቅም። ማን ያውቃል፣ እሱ ከመሞቱም በፊት።

ከዚያ ሥራ ሠራን። ሰፊ ቀዳዳ ያለው ሳጥን አመጣሁ። የሽቦውን የተቆረጠ አንገት ቆርጬ ጣልኩና ከሙሉው ጀምሬ፣ ጫፉን የመዳብ ቆብ አልብሼ፣ ክንዴ እስኪያመኝ አጠበቅኩት። ፊውዙንም በልኩ መለስኩ፣ ቁጥሩን ራሴ አንብቤ። ድሮ ትንንሾቹን ፊውዞች በቀለማቸው ነበር የማውቃቸው፤ ትልልቆቹ ግን ቀለም የላቸውም፣ ቁጥር ብቻ ነው የተጻፈባቸው፤ ስለዚህ ሰውየው «ትልቁን አቀብዪኝ» ሲለኝ በመጠን ገምቼ ነበር የማቀብለው። አንቺ ይህንን አታውቂም ነበር። አሁን እወቂው።

ሳጥኑን እንደገና ልቀብረው ስል «ቆይ» አልሽኝ። «ለምን እንሸፍነዋለን? በር ላብጅለት።» እውነትም በር አበጀሽለት፤ ሞኬቱ ላይ የሚከፈት የሚዘጋ ክዳን፣ ጠርዙ የተቀመቀመ፣ ከውስጡ አየር የሚያስገባ መረብ ያለው። ሎሚ አሥሬ እየከፈተ ዘጋው። «ሰው ቤት እንኳ እንዲህ ያለ በር የለም» አለ። እኔ ምንም አላልኩም። አሁን ግን እልሻለሁ፤ ያ በር የሰውየው ጭንቅላትም ሆነ የኔ በሃያ ዓመት ያላሰበው ነገር ነው።

ሻይና ዳቦ በላን። አውቶቡስ ተራ ድረስ ሸኘሁሽ። አንድ እግርሽ ደረጃው ላይ ሳለ ዞር ብለሽ «ሌሎቹስ?» አልሽኝ። «ሌሎቹ ምን?» አልኩ፣ እንዳልገባኝ። በሩ ተዘጋ።

ሎሚ ከሰነበተ በኋላ ብሎኑን እንዳጠብቅለት መጣ። ክዳኑን ከፍቼ እጄን አስገባሁ። ቀዝቃዛ ነው። እንደ ምንጭ ድንጋይ ቀዝቃዛ! ሙዚቃው ደረቴን እየመታው፣ ሳጥኑ ግን ጸጥ ብሎ ቀዝቅዟል። እንደዚያ ያለ ደስታ ከየት እንደሚመጣ ለማንም ማስረዳት አልችልም፤ ያንቺ እጅ ስላለበት ግን ላንቺ ማስረዳት አያስፈልገኝም።

ሰላም መስሎኝ ተቀመጥኩ። «ሌሎቹስ?» ያልሽውን ግን ሆዴ አልረሳውም ነበር።

የኔን መምህርት አታውቂያትም። ፊደል የምታስተምረኝ ከልጄ የምታንስ ልጅ ናት፤ ስሳሳት «ጎበዝ፣ ሊደርሱ ነው» ትለኛለች፣ የት እንደምደርስ ባላውቅም። ትንሽ አሮጌ መኪና አለቻት፣ ከአንድ ጎረምሳ የገዛቻት፣ ከነስፒከሯ። ከትምህርት ቤት ስትወጣ የሠፈሩን ልጆች ጭና ነው የምትሄደው። ለካ ልጆቹ ሰሞኑን በኋላው ወንበር ቦታ ይጣሉ ኖሯል። በግራ በኩል ያለውን ሁሉም ይፈልገዋል። «ለምን?» ስትላቸው «እዚህ ጋ ይሞቃል» ይሏታል። ጠዋት ጠዋት ብርድ ስለሆነ ሳቀች፣ ተወቻቸው።

አንድ ቀን ከወንበሩ ጀርባ ጭስ ወጣ። ልጆቹን እየጎተተች አወረደች፣ መንገደኛ አሸዋ በተነበት። ማንም አልተጎዳም። ግን ትንሿ ልጅ፣ እዚያ ሙቀቱ ላይ ተቀምጣ የነበረችው፣ «ቲቸር፣ ወንበሩ ለምን ተቆጣ?» አለችኝ ብላ ነገረችኝ።

መኪናዋን ገፍተው አመጡልኝ። ኋላውን ስከፍት ስፌትሽን አየሁ። ግራጫ ሞኬት፣ በነጭ ክር፣ እንደ ዓሣ አጥንት። አንቺ ስላልነበርሽ በቢላ ቀደድኩት። ሳጥኑ ያው፣ ብሎኑ ያው፣ የተቆረጠው አንገት ያው። ሽቦውን አስተካከልኩ። ሞኬቱን ግን በጥቁር ክር እንደምንም ስይዘው መምህርቴ አየችውና «ደህና ነው እማማ» አለችኝ። ደህና እንዳልሆነ ከአፏ አወጣጥ ገባኝ፤ እኔን «ጎበዝ» የምትለኝም እንደዚያው ነው።

ልጄን ቁጭ አድርጌ ነገርኳት። አባትሽ የሠራቸውን መኪኖች ሁሉ እየፈለግን እንከፍታለን አልኳት። ፊቷ ጠቆረ።

«እማ፣ የአባቴን ስም ልታጠፊ ነው? ሰው ሁሉ እጁን ሲያመሰግን የኖረ! የሞተ ሰው ላይ...»

«ስሙ አይነድም» አልኳት፤ «መኪናው ነው የሚነደው።»

አለቀሰች። እኔም እንድታለቅስ ተውኳት፤ አባቷ ነው። በማግስቱ ግን ካርቶን ገዝታ መጣች፣ «በትልቁ ጻፊው» ብላ ማርከር ሰጠችኝ። ጻፍኩት፦ እዚህ ሱቅ ሙዚቃ ያስገጠማችሁ ሁሉ መኪናችሁን አምጡ፤ ከሞኬቱ ስር ያለውን እናያለን፣ እናጠብቃለን፣ አናስከፍልም። የሱቁ በር ላይ ሰቀልኩት። ራሴ የጻፍኩት ጽሑፍ መንገድ ዳር ተሰቅሎ ሰው ቆሞ ሲያነበው ማየት ምን እንደሚመስል ልንገርሽ ብዬ ነበር፤ ተይው፣ ብታዪኝ ትስቂብኛለሽ።

ካርቶኑ ግን አይበቃም። መኪና ይሸጣል፣ ይለወጣል፣ እንደ መምህርቴ ያለው ሰው ማን እንደገጠመለት አያውቅም። ሰውየው እንደሆነ ሁሉን በጭንቅላቱ ይዞ ሄደ። አንቺ ግን ያንን ስፌት በመኪና የኋላ መስኮት አሻግረሽ ታውቂዋለሽ። ነዳጅ ማደያው በር ላይ ግማሽ ቀን ብትቀመጪ ልጆችሽን ከሰው ልጅ እንደምትለዪ እናት ትለዪያቸዋለሽ። እኔ የማውቀው ሽቦውን ነው፤ ሽቦው ደግሞ ተሸፍኗል።

በስልክ ነይ ብዬ ስጠይቅሽ ምን እንዳልሽኝ አልረሳሁም። «እዚያ መንገድ ላይ አልቆምም፤ ሰው የሚለኝን ታውቂያለሽ» አልሽኝና ዘጋሽው። አውቃለሁ። ከሚሉሽ ውስጥ ምርጥ ምርጡን ያወጣሁት እኔ ነኝ፤ እነሱ የራሳቸው ጨው የላቸውም። ስለዚህ ስልኩን እንዳስቀመጥኩ ዳቦ ቤት ሄጄ፣ ሰው ሁሉ ተሰልፎ ሳለ፣ «እሷ ወደ ሱቄ ልትመጣ ነው» አልኩ።

ባለ ዳቦ ቤቷ ዳቦውን በእጇ እንደያዘች ቀረች። «ያቺን? ቤትሽን ያፈረሰችውን ልታስገቢያት?»

«አዎ፣ ያቺን። ደግሞ እሷን መስደብ የኔ መብት ነው፣ ያንቺ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ የሚሰድባት ሰው መጀመሪያ እኔን ያስፈቅድ።»

ከወረፋው አንዱ ወንድ ሳቀ። ዳቦዬን ይዤ ወጣሁ። ሙቅ ነበር፤ መንገድ ላይ ቆርሼ እየበላሁ መጣሁ፣ እንደ ልጅ።

ይቅር ብዬሻለሁ ማለቴ እንዳይመስልሽ። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት አይሆንም፤ ስለዚህ ጸሎቱን ትቼ ሥራውን ይዣለሁ። አንቺም ይቅር እንድትይኝ አልለምንሽም። አንዳንድ ቀን ፊትሽን ሳይ ደሜ ይፈላ ይሆናል፤ አንዳንድ ቀን አንቺም ካቻቢቴ ትወረውሪብኝ ይሆናል። ይሁን። ብቻዬን ሆኜ ማንም ሳይወረውርብኝ መኖሩን አይቼዋለሁ፤ ደህና ነው፣ አልከፋም። ጠዋት ፀሐይ ሱቁ ውስጥ እስከ ጠረጴዛው ድረስ ትገባለች። የፊውዞቹን ቁጥር አነባለሁ። ሻይ ሳፈላ ፍንጣሪ ሳይጠራ ይመጣል። ደስተኛ ነኝ ማለት አፌ አለመደም እንጂ እንደሱ ያለ ነገር ነኝ። ግን ከጠረጴዛው ባሻገር፣ መስኮቱ ስር፣ ፀሐይዋ የምታርፍበት ቦታ ባዶ ነው። አሮጌ ባትሪዎቹን አውጥቼ፣ ወለሉን በሳሙና አጥቤዋለሁ። የስፌት መኪናሽ ይበቃዋል፤ በክንዴ ለክቼዋለሁ።

ይህን እየጻፍኩ ሳለ አንድ ሰው ሰማያዊ መኪና አቆመ። ሚስቱና ጨቅላ ልጁ ውስጥ ናቸው። ካርቶኑን ቆሞ አነበበ፣ ከዚያ ገብቶ «እናቴ፣ እኔም ድሮ እዚህ ነው ያስገጠምኩት፤ ሰሞኑን ባሱ ይቆራረጥብኛል» አለኝ። ኋላውን ከፍተን መዳፌን አሳረፍኩ። ገና ለብ ያለ ነው። ባትሪው አጠገብ ያለውን ዋናውን ፊውዝ ነቅዬ በእጁ ሰጠሁትና «ሙዚቃ የለም» አልኩት። ቢላ አላነሳሁም።

«ሰፊዋ እዚሁ ናት?» አለኝ፣ ስፌቱን እየዳበሰ።

ፍንጣሪ በሩ ላይ ቆሟል። ልጄ ከውስጥ ትሰማለች። ማዶ የዳቦ ቤቷ በር ክፍት ነው።

«ናት» አልኩት። «ሐሙስ ጠዋት ና፤ ሁለታችንም እንኖራለን።»

«በቃ፣ ቃል ነው?»

«ቃል ነው።»

ከአፍ የወጣ አፋፍ። እንግዲህ በሰው ፊት ባንቺ ስም ቃል ገብቻለሁ፤ አታዋርጂኝ።

ደብዳቤውን ባለፈው ባመጣሽ ሾፌር እጅ ነው የምልክልሽ፤ ሐሙስም እሱ ነው የሚመጣው። ተራው ላይ ቆሜ እጠብቅሻለሁ። ከመጀመሪያው ካልወረድሽ የሚቀጥለውን እጠብቃለሁ፣ ባለ ሰማያዊ መኪናውንም ጠብቅ እለዋለሁ። ሰውየው በሞተ ሳምንት እንኳ ያልዘጋሁትን ሱቅ ያን ጠዋት ዘግቼ ነው የምመጣው።

የባልሽ ሚስት